ከሱልህ በፊት ሐኪም፦ የጥቃት ተጎጂዎችን ለማገዝ ለሚነሱ ወጣቶቻችን

በነሐሴ 2016 የባህር ዳሯ የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ የተገደለችበት ጉዳይ አደባባይ ሲወጣ፣ ብዙ ሙስሊም ወጣቶችም «በምን እናግዝ?» ይሉ ነበር። ቁጣው ብዙም ሳይቆይ በረደ። የተጎጂዎች መጠለያዎች ሰው የሚቸግራቸው ግን ያኔ ነው።

በአዲስ አበባ የሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሃያ ዓመት አልፎታል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ ተጎጂዋ የሕክምናና የፍትሕ አገልግሎትን በአንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል አለ። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ለተግባር ልምምድም ሆነ በበጎ ፈቃድ ለሚመጣ ተማሪ የሚሠራው አይጠፋም፤ ልጆች መያዝ፣ ፊደል ማስቆጠር፣ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት አብሮ መሄድ።

በቦሌና በአካባቢው ላለን ደግሞ ጉዳዩ የቅርብ ነው። ከዓረብ አገር የምትመለስ እህት መጀመሪያ የምትረግጠው የቦሌን መሬት ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ በአሠሪዎቻቸው ተደብድበውና ተደፍረው የመጡ ነበሩባቸው። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ቦሌ ሚካኤል ሶማሊኛ ተናጋሪው ብዙ ነው። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ስልጢኛ የምትችል፣ ሒጃብ የለበሰች በጎ ፈቃደኛ ለእንዲህ ያለች ተጎጂ ግማሽ መድኃኒት ናት።

እኔን የሚያሳስበኝ ይዘነው የምንገባው ልማድ ነው። እኛ ቤት ጠብ ሲሰማ የመጀመሪያው ሐሳብ ሱልህ ነው፤ ሽማግሌ ይጠራ፣ ነገሩ ከቤት አይውጣ። የኒሳእ ምዕራፍ ከሁለቱም ወገን አስታራቂ እንዲላክ ያዛል፤ እውነት ነው። ግን አስታራቂ የሚላከው ሁለቱም ሳይፈሩ ሊናገሩ ሲችሉ ነው፤ አንዷ እየተደበደበች አይደለም። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ ስለ ባሏ አቤት ስትል «ታገሺ፣ ቤትሽን አታፍርሺ» ተብላ አልተመለሰችም፤ አቤቱታዋ ከሰማይ ተሰማ፣ የሙጃደላህ ምዕራፍም በዚያው ተከፈተ።

ሽምግልናው ሳምንት ይፈጃል። ለተደፈረች ሴት ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። ሌላም አለ። ጦሃራ የምትወድ እህት ወዲያው መታጠብና ልብሷን ማጠብ ትፈልጋለች፤ በዚያው ማስረጃው ይጠፋል። ይህን ሳያስደነግጣት፣ ሃይማኖቷንም ሳይነካ የሚነግራት ሰው የሚገኘው ከእኛው መካከል ነው።

ሕጉንም መለየት ያሻል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 188/1992 መሠረት ኒካሕን፣ ፍቺን፣ ቀለብንና ውርስን የሚያዩት ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ድብደባ ግን የወንጀል ጉዳይ ነው፤ ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል። በጎ ፈቃደኛ ሁለቱን ካምታታ ሴቲቱን ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትት ይውላል። (የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የመድፈርን ወንጀል ከጋብቻ ውጭ በሆነ ግንኙነት መወሰኑ ሌላ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ለብቻው ይጻፍበታል።)

ለመግባት ያሰበ ሰው ጊዜውን አስቀድሞ ይመዝን። ሦስት ሳምንት ሠርቶ የሚጠፋ ሰው፣ የሚያምኑት ሁሉ ጥሏቸው ለሄደ ሴቶች አንድ ተጨማሪ ሄያጅ ነው። የመጠለያው አድራሻ አማና ነው፤ ለእናትም፣ ለጀመዓም አይነገርም። ፎቶ የለም፣ ቴሌግራም ላይ «ዛሬ አንዲት እህት አጋጠመችን» የለም። ወንድሞች በር ከፍተው ተጎጂዋን ከማነጋገር ይልቅ በትራንስፖርት፣ በሒሳብ፣ በሰነድ ሥራ ቢያግዙ ይመረጣል።

የመስጂድ ኮሚቴዎች እስከዚያው አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላሉ። ሴታዊት የጀመረችው «አለኝታ» የተሰኘው የስልክ መስመር ቁጥሩ 6388 ነው። በሴቶች መስገጃ በር ላይ ሳይሆን፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና ማንም ሳያያት ልታነበው በምትችልበት በውዱእ ቦታው ውስጥ ይለጠፍ።