ቁልፉን በሩ ላይ ሰቅሎ ሌባን መርገም

የዕድር ገንዘብ ያዥ የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ቤቱ ቢገባ፣ በማግስቱ አባላቱ ሌባውን ከመፈለጋቸው በፊት እሱን ያፋጥጡታል። የዳታቤዝ ፓስወርድ ጃቫ ክላስ ውስጥ በግልጽ ጽፎ ሲስተም የሚያስረክብን ባለሙያ ግን ማን ይጠይቀዋል?

ወላይታ ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። አዲስ ክልል የደመወዝ፣ የግብርና የመሬት መዝገብ ሲስተም ይፈልጋል። ኮዱን የሚጽፉት ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ የተመረቁ ልጆች ናቸው። ልማዱ ዛሬ ካልተስተካከለ ነገ የሚጋለጠው የዳሞት ጋሌ ገበሬ የይዞታ መረጃ ነው።

ሰበቡ የታወቀ ነው። «ኮዱ እኛ ጋ ብቻ ነው ያለው» ይባላል። የኡበርም ኮድ የግል ጊትሃብ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርጎ ገቦች እዚያ ገብተው የአማዞን ክላውድ ቁልፍ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ አገኙ፤ የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች መረጃ ተወሰደ።

«ኢንክሪፕት አድርገነዋል» የሚሉም አሉ። መፍቻው እዚያው ክላስ ውስጥ ካለ ምን ዋጋ አለው? የጃር ፋይልን ወደ ኮድ የሚመልስ ነጻ መሣሪያ ሞልቷል። «በኋላ እናጠፋዋለን» የሚለውም አያዋጣም፤ ጊት የድሮውን ሁሉ ያስታውሳል። አንዴ የወጣ ፓስወርድ መቀየር አለበት።

መፍትሔው በጀት አይጠይቅም። ክላሱ ምሥጢሩን ከውጭ በኮንስትራክተር ይቀበል። ምሥጢሩ የሚመጣው ሲስተሙ የሚሠራበት አካውንት ብቻ ሊያነበው ከሚችል ፋይል ይሁን፤ አቅም ያለው ተቋም ደግሞ ለምሥጢር ማስቀመጫ ከተሠራ ሶፍትዌር ያምጣው። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልም ኮድ ውስጥ ከመጻፍ ይሻላል። ሎግ ላይ ግን ፈጽሞ አይታተም። የሙከራውና የእውነተኛው ሲስተም ፓስወርድም ይለያይ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የያዘ ተቋም ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ ጉዳዩ የፕሮግራመሩ ብቻ አይደለም፤ ሲስተሙን የሚረከበው ኃላፊም ይጠየቅበታል።

ርክክብ ላይ ፊርማ ከመስፈሩ በፊት ኮዱ ይከፈት፣ «ፓስወርድ» የሚለው ቃል ይፈለግ። አጠገቡ እውነተኛው ምሥጢር ተጽፎ ከተገኘ ሥራው አላለቀም፤ ክፍያውም ይቆይ።