ዩኒፎርሙ ልጁን እንዳያሳፍረው

ክረምቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ በየቤታችን የሚነሣው ወሬ ተመሳሳይ ነው። ደብተር ዘንድሮ ስንት ገባ? ቦርሳው አንድ ዓመት ይጨምራል ወይ? የትልቁ ሱሪ ለትንሹ ይሆነዋል? ባልና ሚስት ቁጭ ብለው የነሐሴን ደመወዝ ሲያከፋፍሉ የልጆች ዩኒፎርም ከቤት ኪራይና ከዘይት ቀጥሎ ይጻፋል። ዛሬ ላነሣላችሁ የምፈልገው ግን በዚያ ወረቀት ላይ ስሙ ስለማይጻፍ ልጅ ነው። የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ልብሳችንን የምታጥብልን እናት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ከጉልት ሽንኩርት ስንገዛ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ የቤት ሥራውን የሚሠራው ልጅ ሊሆን ይችላል።

“ትምህርት በነፃ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግላቸው?” የሚል ሰው በመካከላችን አይጠፋም። በእርግጥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ እንዳይኖር አድርጎ ነበር። ክፍያው ቢቀርም ወጪው አልቀረም። ጨርቁ፣ የልብስ ሰፊው ዋጋ፣ ሹራቡ፣ ጫማው፣ ደብተሩ የወላጅ ዕዳ ሆኖ ይጠብቃል። በቀን ሥራ የምትኖር እናት ሦስት ልጆች ካሏት ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይመጣባታል። ዕቁብ የላትም፤ የሰፈሩ ሱቅ ዱቤም ሞልቷል። ስለዚህ ትመርጣለች። አንዱ ይመዘገባል፣ አንዷ “ለከርሞ” ትባላለች። ለከርሞ የምትባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት የምትጠብቀው፣ ታናሿን የምታዝለው ሴት ልጅ ናት።

ዩኒፎርም የሚለበስበት አንዱ ምክንያት የሀብታምና የድሃ ልጅ በሰልፍ ላይ እንዳይለዩ ነው። መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን ሁሉም አረንጓዴ ሹራብ በለበሰበት ሰልፍ ላይ ቀይ ሹራብ ያደረገ አንድ ልጅ ቢቆም ማን ይታያል? ድህነትን ይሸፍናል የተባለው ልብስ የሌለውን ልጅ ከሩቅ ያሳያል። የጥበቃው ሠራተኛ በር ላይ ባይመልሰው እንኳ፣ ዩኒት ሊደሩ “ነገ ለብሰህ ና” ይለዋል። ነገ ከየት ያምጣ? አንዳንዱ ልጅ ለእናቱ መናገር ስለሚከብደው ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይወጣል፤ ቀኑን በየሜዳው አሳልፎ በመውጫ ሰዓት ይመለሳል። እናት የምታውቀው ልጇ ትምህርት ቤት እንደ ዋለ ነው።

አንድ ብቻ ያለው ልጅም ከችግሩ አላመለጠም። አንዷን ቅዳሜ አጥባ ታሰጣለታለች። የመስከረም ሰማይ ከዘነበ ሰኞ ጠዋት ልብሱ እርጥብ ነው። እርጥቡን ለብሶ ሄዶ ይታመማል፣ ወይም እስኪደርቅ ይቀራል። እንግዲህ ስንሰጥ “አንድ ልጅ፣ አንድ ዩኒፎርም” ብለን የምንቆጥረው ቁጥር በሪፖርት ላይ ቢያምርም፣ ለልጁ ግን ሁለት ይሻለዋል። ለሃያ ልጆች አንድ አንድ ከመስጠት ለዐሥሩ ሁለት ሁለት መስጠት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ለመሆኑ አንድ ልብስ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? በጎረቤታችን በኬንያ ምዕራባዊ ክፍል አንድ የእርዳታ ድርጅት ለድሃ ልጆች ዩኒፎርም ሲሰጥ ማን እንደሚደርሰው የወሰነው በዕጣ ነበር። በዚህ ምክንያት የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ማነጻጸር ተቻለ። ዴቪድ ኢቫንስና ሙቶኒ ንጋቲያ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ዩኒፎርም የተሰጣቸው ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት ጊዜ በአማካይ በ37 በመቶ ቀነሰ። ቀድሞ ምንም ዩኒፎርም ባልነበራቸው ልጆች ዘንድ ደግሞ በ55 በመቶ ቀነሰ። ለአንድ ሱሪና ሸሚዝ ይህ ትልቅ ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ የጥናቱን ሁለተኛ ክፍል ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። ከ8 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ልጆች ፈልገው ሲያነጻጽሯቸው፣ በደረሱበት የክፍል ደረጃም ሆነ በፈተና ውጤት ልዩነት አላገኙም። ልብሱ ልጁን በሩን አሳለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ልብሱ አጠረ፣ ተቀደደ፤ ሌላውም ችግር እንዳለ ቀጠለ።

በዚያው በምዕራብ ኬንያ የተደረገ ሌላ ሥራ አለ። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓና ማይክል ክሬመር 328 ትምህርት ቤቶችን ተከታተሉ፤ ከመካከላቸው ዱፍሎና ክሬመር በ2019 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ውስጥ ናቸው። ሥራው የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ኬንያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያን ያስቀረችውም በዚያው ዓመት ነው። ለ6ኛ ክፍል ልጆች ዩኒፎርም ሲሰጡ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት ለሚገኙት ሁለተኛ እንደሚሰጥ አብረው ተናገሩ። ከ3 ዓመት በኋላ ትምህርት ያቋረጡ ሴቶች ልጆች ከ19 ወደ 16 በመቶ፣ ያረገዙት ደግሞ ከ16 ወደ 13 በመቶ ወርደው ተገኙ። ለሴት ልጅ በክፍል ውስጥ መቆየት ምን ያህል ጥበቃ እንደሚሆንላት እናንተ እናቶች ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የምትታወሰኝ ሐና ናት። ሳሙኤልን ለጌታ ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ካባ ሠርታ ትወስድለት እንደ ነበር በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ልጁ አጠገቧ የለም፤ ዓመት ሙሉ አላየችውም። ስትሰፋ ቁመቱን በልቧ ትለካለች፤ “አሁን እዚህ ደርሶ ይሆናል” እያለች እጅጌውን ታስረዝማለች። ልጅ ያድጋል። የዘንድሮ ልብስ ለከርሞ አይሆነውም። ሐና አንድ ካባ ሰጥታ “አድርሻለሁ” አላለችም፤ በየዓመቱ መጣች። እኛም አንድን ልጅ ለማልበስ ስንነሣ እስከሚጨርስበት ክፍል ድረስ ቁመቱን እየለካን ለመከተል ብንነሣ መልካም ነው።

ወዳጆቼ፣ አሁን ወደ ከበደኝ ጉዳይ ልግባ። በብዙ አጥቢያዎች የተለመደ አሰጣጥ አለ። በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ እሑድ ልጆቹ በስም ይጠራሉ፣ መድረክ ላይ ይሰለፋሉ፣ ሽማግሌው ልብሱን ሲያቀብል ፎቶ ይነሣል፣ ጉባኤው ያጨበጭባል። ክፋት አስቦ የሚያደርገው ሰው የለም፤ ሰጪዎችን ለማበረታታት ነው። ግን በዚያ ጉባኤ ውስጥ የልጁ የክፍል ጓደኞች ተቀምጠዋል። ሰኞ በሰልፉ ላይ ያ አዲስ ልብስ ከሌሎቹ ጋር ሲያመሳስለው፣ “ቤተ ክርስቲያን የሰጠችው ነው እኮ” የምትል አንዲት ቃል መልሳ ትለየዋለች። አንዲት እናት “ልብሱን ወደደው፤ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለኝ” ብላ ነግራኛለች። ልጇ 13 ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብርድን ይታገሣል፣ መታየትን ግን አይታገሥም።

በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ቦዔዝ ምን እንዳደረገ አስታውሱ። ሩትን ጠርቶ በሠራተኞቹ ፊት እህል ሊያሸክማት ይችል ነበር። እርሱ ግን ጎልማሶቹን ለብቻቸው ከነዶው እያወጡ እንዲተዉላት፣ እንዳያሳፍሯትም አዘዛቸው። ሩት ቀኑን ሙሉ ቃርማ ማታ ስትለካው፣ በእጇ ሠርታ ያገኘችው እህል ሆኖ ወደ ቤቷ ገባ። ቦዔዝ ስለ እህሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ክብሯም አሰበ። ጌታችንም በማቴዎስ 6 ስለ ምጽዋት ሲያስተምር በፊታችን መለከት እንዳናስነፋ አዟል። በእኛ ዘመን መለከቱ በስልካችን ውስጥ ያለው ካሜራ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እንዴት እናድርግ? እኔ ሲደረግ ያየሁትንና የሚጠቅም መስሎ የታየኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ እናትየዋን ወይም አሳዳጊውን በቤታቸው አነጋግሩ። “እኔም በዚህ ወር ለልጆቼ ላሰፋ ነው፤ አብረን እናሰፋ” ማለት ይቻላል። የትምህርት ቤቱን ቀለም፣ ዘንድሮ ከትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ነገር መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ አድሏል። እንዲህ ባለ ቦታ ገንዘባችሁ ለጫማ፣ ለሹራብ፣ ለቅያሪ ይውላል። ቤተሰቦቻችሁ በሚኖሩበት ገጠር ግን ሙሉ ልብሱ ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀጥሎ ለልብስ ሰፊው ራሳችሁ ክፈሉ፤ ልጁን ግን እናቱ ይዛው ትሂድ፣ እርሷ ታስለካው፣ እርሷ ትረከብ። ልጁ “እማዬ አሰፋችልኝ” ይበል። ሰፊው ለሱሪውና ለእጅጌው ሰፋ ያለ እጥፋት እንዲተው ንገሩት፤ በዓመቱ አጋማሽ ይለቀቃል። በልብሱ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ስም ወይም ምልክት አይታተም። ለደረሱ ሴቶች ልጆች የወር አበባ መጠበቂያ ከዩኒፎርሙ ጋር ይታሰብ፤ ንጹሕ ልብስ እያላት በየወሩ የምትቀር ልጅ አለችና። ይህንን የእህቶች ኅብረት በጸጥታ ቢይዘው ይሻላል።

ደግሞም በጥር መጨረሻ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ሳይጀመር፣ አንድ ጊዜ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ጫማው አለ? ደብተሩ አልቋል? ይቀራል ወይስ ይማራል? ብዙዎቻችን መስከረም ላይ እንሰጣለን፤ ጥር ላይ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒፎርሙ ልጁን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ማምጫ ገመድ አይሁን። የኦርቶዶክስ እናት ልጅም፣ የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅም በዚያው ሰልፍ ላይ ይቆማል። “ከሰጠናችሁ ኑ” የሚል ጥቅስ በየትኛውም ወንጌል አላገኘሁም። እግዚአብሔር ዝናቡን በሁሉም ላይ ያዘንባል፤ እኛ አንድ ሹራብ ሰጥተን ዋጋ ልንጠይቅ አይገባም። ስለ እምነታችን የሚጠይቀን ቢኖር ደግሞ መልስ አለን፤ ሳይጠየቅ በሹራብ የተገዛ ልብ ግን ለጌታም ለልጁም አይጠቅምም።

ለባለትዳሮች የተለየ ቃል አለኝ። ይህን ነገር አንዳችሁ ከሌላችሁ ተደብቃችሁ አታድርጉት። ሚስት ከአስቤዛው ቀንሳ፣ ባል ከኪሱ አውጥቶ በየፊናቸው ሲሰጡ፣ መልካሙ ሥራ የጠብ ምክንያት ሲሆን አይተናል። በወረቀታችሁ ላይ ከልጆቻችሁ ስም ሥር አንድ መስመር ጨምሩና ተስማሙበት። አቅማችሁ አንድ ጫማ ከሆነ አንድ ጫማ ጻፉ። አቅም ካነሰ ከቤት ለቤት ኅብረታችሁ ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ልጅ ያዙ። ልጆቻችሁ ለምን እንደ ሆነ ቢጠይቁ ንገሯቸው፤ የልጁን ስም ግን ምሥጢር አድርጉት።

የመጨረሻው ነገር ከሩቅ ሰፈር አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት የእኛን ልጆች ዩኒፎርም የምትተኩስ ልጅ አለች። ጠዋት ቁርስ አብልታ፣ ምሳቸውን ቋጥራ፣ እስከ በር የምትሸኛቸው እርሷ ናት። ከገጠር ስትመጣ ስንተኛ ክፍል ነበረች? በሰፈራችሁ የማታ ትምህርት አለ? ማታ ሁለት ሰዓት ወጥታ እንድትማር እራቱ ቀደም ብሎ ቢሠራ፣ ወይም አባወራው ሳሕኑን ቢያጥብ፣ ቤቱ ይፈርሳል? ለጎረቤት ልጅ ልብስ አሰፍተን፣ በኩሽናችን ያለችውን ብንረሳ ለልጆቻችን የምናስተምረው ምንድን ነው? በዚህ ሳምንት የምዝገባውን ቀን ጠይቁላት፤ ዩኒፎርም የሚያስፈልግ ከሆነም ከልጆቻችሁ ጋር አብራ ትለካ።

ምዝገባው ሳያልፍ፣ ሰፊዎችም ሥራ ሳይበዛባቸው ተነሡ። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ወረቀቱን አውጡና ተነጋገሩበት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፣ ልጆቻችሁንም በጥበብና በሞገስ ያሳድግላችሁ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።