ሕይወትን የሚጠብቅ ትምህርት አይናቅም

ብዙ ሰዎች ስለ ነፍስ የሚነገረውን ትምህርት ያከብራሉ፤ ስለ ሰገራና ስለ ሽንት የሚነገረውን ግን እንደ ነውር ቈጥረው ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። ሰውነትን የሚጠብቅ ትምህርት ከከበረ ትምህርት ጋር ሊቈጠር ይገባዋል።

በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ ለእስራኤል ጭፍራ የተሰጠ ሕግ አለ። ሰው ለሰገራ ሲወጣ ከሰፈሩ ውጭ ርቆ እንዲሄድ፥ መቈፈሪያ ይዞ ጕድጓድ እንዲምስ፥ የወጣውንም በዐፈር እንዲከድን ያዝዛል። ምክንያቱም፥ እግዚአብሔር በሰፈሩ ስለሚገኝ ሰፈሩ ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል የሚል ነው። እነሆ፥ የመቈፈሪያ ነገር ከቅድስና ነገር ጋር በአንድ ስፍራ ተጻፈ።

የአይሁድ መምህራን የኦሪት ትርጓሜና ክርክር የተሰበሰበበት ታላቅ መጽሐፍ ታልሙድ ይባላል። በኦሪት ዘሌዋውያን፥ ሰው ርኩስ እንስሳ በልቶ ራሱን እንዳያስጸይፍ የሚከለክል ሕግ አለ። በታልሙድ አንድ መምህር ይህን ሕግ አስፍቶ ተረጐመው፤ ሰገራው መጥቶበት ሳለ የሚያዘገይ ሰው ይህንኑ ሕግ ይተላለፋል ሲል አስተማረ።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን ሁና የሚባል መምህር ነበረ። ልጁን ረባን፥ ወደ ሊቁ ወደ ሒስዳ ለትምህርት የማይሄደው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀው። ልጁም የሒስዳ ትምህርት ተራ የዓለም ነገር እንደ ሆነ ተናገረ፤ ሊቁ፥ ሰው በሰገራ ቤት ሳይቸኩል እንዲቀመጥ፥ ሰውነቱም እንዳይጐዳ እጅግ እንዳያምጥ ያስተምር ነበርና። አባቱ ግን ገሠጸው። ሊቁ ስለ ሰው ሕይወት እየደከመ ሳለ ትምህርቱን ተራ ማለት እንደማይገባ ነገረው፤ ይልቁንም ስለዚሁ ወደ እርሱ እንዲሄድ መከረው። አባቱ መልካም ፈረደ።

በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው መምህር አባዬም፥ ሰው ከሰገራ ቤት ሲወጣ የሚያቀርበውን ምስጋና አስተማረ። ምስጋናው የሰው ሰውነት በጥበብ እንደ ተሠራ ይናገራል፤ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ቢዘጋ ወይም ቢቀደድ ሰው በሕይወት ሊኖር አይችልምና። ሕጋቸውን የሚጠብቁ አይሁድ እስከ ዛሬ ይህን ምስጋና ያቀርባሉ።

ምናልባት ይህን መናገር ከጨዋ ሰው አይጠበቅም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፥ በማዕድ ፊት አይነገርም። ነገር ግን ጨዋነት ሌላ፥ አለማወቅ ሌላ ነው። በኀፍረት ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ መድኀኒት አያገኝም። ባልተከደነ ሰገራ ላይ ያረፈች ዝንብም ተመልሳ በእንጀራ ላይ ታርፋለች፤ በሽታም እንዲሁ ከቤት ወደ ቤት ይገባል።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ሰገራችሁ በመጣ ጊዜ አታዘግዩ፤ መምህራችሁን አስፈቅዳችሁ ውጡ። መምህርም የሚያስፈቅደውን ልጅ አይከልክል። ስፍራውን ንጹሕ አድርጋችሁ ተዉት፤ እጃችሁንም በውሃና በሳሙና ታጠቡ። ስለዚህ ነገር በሚመክራችሁ ሰው አትሳቁበት፤ የሚጠብቀው ሕይወታችሁን ነውና።