እባካችሁ እህቴን አትሳሟት

ባለፈው ቅዳሜ የእናቴን ታላቅ እህት በር ላይ አስቆምኳቸው። አዎ፣ አክስቴን! ከመቂ ድረስ በሚኒባስ ተጉዘው፣ አንድ ሳጥን ቲማቲምና አምስት ትልልቅ ፓፓያ ይዘው፣ ከአዳማ መናኸሪያ እኛ ቤት ድረስ ባጃጅ ውስጥ በፀሐይ ተቀቅለው መጥተው፣ ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ «እትዬ፣ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ፤ እሷን ደግሞ አይስሟትም፣ በመስኮት ነው የሚያወሯት» አልኳቸው። አስተያየታቸውን ብታዩት! «ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?» አሉኝ። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ምን ብዬ ልመልስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴን የጡት ካንሰር ይዟታል። ሐኪሞቿ መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ብለው ወስነዋል። «ለምን ቶሎ ቆርጠው አያወጡላትም?» የማይለን ሰው የለም። ኬሞው የሚቀድመው ዕጢው እንዲያንስና ቀዶ ሕክምናው እንዲቀል ነው፤ አንዳንዴም መጀመሪያ ላይ በቢላ ሊነካ የማይችለው ዕጢ የሚነካ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። የእሷ በየ3 ሳምንቱ አንድ ዙር ነው። የመጨረሻው ዙር ካለቀ በኋላ ሰውነቷ እስኪያገግም ጥቂት ሳምንታት ይጠበቅና ቀዶ ሕክምናው ይደረጋል። በመሃል ኢንፌክሽን ከያዛት ወይም ደሟ ከወረደ ቀጠሮው ይገፋል። ቀጠሮ ሲገፋ ደግሞ ካንሰሩ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱት። ከ21 ቀን ውስጥ ሆስፒታሉ የሚወስደው አንዱን ነው። የቀረው 20 ቀን የእኛ ነው፤ የእናት፣ የወንድም፣ የእህት፣ የጎረቤት። እኛ ደግሞ፣ ሳንዋሽ እንነጋገርና፣ ለዚያ 20 ቀን የሚሆን ወግ የለንም። ለልቅሶማ ማን ብሎን! ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ለታመመ ሰው ያለን ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥየቃ። መጥቶ፣ ጉንጭ አገላብጦ ስሞ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ውይ፣ እንዴት ከስተሻል!» ብሎ፣ በዚሁ በሽታ የሞተ ዘመዱን ታሪክ አውርቶ መሄድ። (ይህን የመጨረሻውን ለምን እንደምናደርገው የሚያስረዳኝ ሰው ካለ፣ በእግዜር!)

በሁለተኛው ዙር የሆነውን ልንገራችሁ። ኬሞ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይመታም፤ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሕዋስ ሁሉ ይደርሰዋል። ፀጉር፣ የአፍ ውስጥ ቆዳ፣ መቅኔ ውስጥ የሚመረተው ደም። መድኃኒቱ በተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሕዋስ ክፉኛ ይወርዳል፤ ያኔ ሰውነት ዘበኛው የጠፋበት ግቢ ማለት ነው። ይህ ተነግሮን ነበር፤ አልሰማንም። 10ኛው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ከቅዳሴ መልስ ሰው ጎረፈ። ያን ሳምንት 41 ሰው ጠይቋታል፤ በኋላ ቁጭ ብለን ቆጠርነው። ማታ ትኩሳት ጀመራት። ፓራሲታሞል ሰጠናት፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ተኛን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እሷ ስትንቀጠቀጥ የአልጋው ጩኸት ቀሰቀሰን። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ሦስተኛው ዙርም በ2 ሳምንት ተገፋ።

ጠያቂዎቹ አመጡባት አልልም። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ኢንፌክሽኑ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከራስ ገላና አንጀት ነው። የእኛ ትልቁ ጥፋት ያ ፓራሲታሞል ነበር። ቴርሞሜትሩ 38 ካለ፣ ሌሊትም ይሁን በዓልም ይሁን፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው እንጂ ትኩሳቱን በኪኒን ሸፍኖ ንጋት መጠበቅ የለም። ግን ዘበኛ በሌለው ግቢ ውስጥ የሚያስለውንና የሚያነጥሰውን ሰው አልጋ ጫፍ ላይ ማስቀመጥስ ምን ይሉታል? ስለዚህ እኔ በር ላይ ቆምኩ። ሳሙንና የውሃ ጆግ ይዤ።

በር ጠባቂነት እንግዳ ማገድ ብቻ አይደለም ታዲያ። መጀመሪያ የታገልኩት ከገዛ ቤተሰቤ ጋር ነው። ወንድማችን «ካንሰር የሚለው ቃል በፊቷ እንዳይነሣ» ብሎ አውጆ ነበር። «እባጭ ነው፣ እሱን የሚያከስም መድኃኒት ነው» ተባለላት። ከክፋት አይደለም፤ መርዶ እንኳን ሰዓት መርጠን የምንናገር ሰዎች ነን። ከመጀመሪያው ዙር በተመለስንበት ማታ ግን ከሽንት ቤት ጮኸች። ሽንቷ ቀይ ሆኗል። ደም መስሏት፣ አለቀልኝ ብላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ያ ቀዩ መድኃኒት ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል። ነርሷ ለእኛ ነግራናለች። እኛ ለእሷ ለመንገር ግን የመድኃኒቱን ስም መጥራት ሊኖርብን ነው! እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እኔማ ካወቅሁ ቆየሁ። እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው እርስ በርሱ ሲደባበቅ! ካወራን በኋላ ነው ቴርሞሜትሩ ትራሷ ሥር የገባው፤ ምን ሲሰማት መናገር እንዳለባትም ያኔ ነው ያወቀችው።

ምግቡም የራሱ ጦርነት አለው። ቁሌት ሲሸታት ያስመልሳታል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ጭራሽ አትችልም፤ እናቴ ቡናዋን ጎረቤት ሄዳ ታፈላለች (ለእናቴ ይህ ከስደት አይተናነስም)። አፏ ስለቆሰለ በርበሬ ቀርቷል፤ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጣ ትጉመጠመጣለች። ደም ይተካል ተብሎ ጥሬ ሥጋ ተገዝቶ ይመጣል። ያልተፈላ ወተት ይመጣል። ሁለቱም በዚህ ሰሞን ለእሷ ክልክል ናቸው። ከባቱ (ዝዋይ ለምትሉት) የመጣው ዓሣ ግን በደንብ በስሎ፣ ሳይቃጠል፣ ከሩዝ ጋር ተስማማት። ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በጠርሙስ የታሸገ ስም የለሽ ሥራ ሥር የሚያመጡም አሉ፤ እሱን ሐኪሟ ሳያውቅ አናስነካትም፣ ከኬሞው ጋር ምን እንደሚሠራ አይታወቅማ። ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባቷ በአንድ ቃል ጨርሰውልናል። ጎረቤታችን አዴም፣ ሙስሊም ናቸው፣ «በእኛም ቤት ለታመመ ሰው ጾም አይጸናበትም» ብለው አገዙን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኛ ዕድለኞች ነን። ከአዳማ አዲስ አበባ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከሻሸመኔ የመጣ ሰው 250 ኪሎ ሜትር ይዞ፣ ቀጠሮው ለነገ ሲባል የት ይደር? ለ20 ዓመት ያህል በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማን የመሳሰሉ ተጨምረዋል፤ ግን ወረፋው ያው ወረፋ ነው። በልጅነቱ በደም ካንሰር ባረፈው በማቲዎስ ስም ወላጆቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ የራሳቸውን ልጅ ቀብረው ነው ለሰው ልጅ አልጋ ያዘጋጁት።

እድራችንስ? አባቴ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ወር አጓድለን አናውቅም። ለትራንስፖርት ድጋፍ ብንጠይቅ ደንቡ ተገለጠና «የሚከፈለው ሰው ሲሞት ነው» ተባልን። እህቴ ሰምታ ምን አለች፦ «እንግዲያው በሕይወት መኖሬ ለቤቱ ኪሳራ ነዋ!» ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በኤች አይ ቪ ዘመን ስንት እድር ደንቡን አሻሽሎ ታሞ ለተኛ አባሉ መድረስ ጀምሮ ነበር! ያኔ የተቻለው አሁን ለምን ይከብዳል? ድንኳኑ ይቅር፤ ከቀብሩ ገንዘብ ጥቂቱን አስቀድማችሁ ለአውቶቡስ ስጡን። ምናልባት ድንኳኑ ላያስፈልግ ይችላል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጄን አውጥቼ እናገራለሁ፤ እናንተም በየሰፈራችሁ ወላጆቻችሁን «ደንቡ ምን ይላል?» በሏቸው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። በር ላይ ቆመው እንባቸው መጣ። «እኔ እኮ ያሳደግኳት ነኝ፣ ዛሬ በሽታ አመጣብኝ ብላ ትጸየፈኛለች?» ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ባወራ አይገባቸውም ነበር፤ እኔም ብዙ አልገባኝም። ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ። «እትዬ፣ እኔን ስትወልድ እናቴን ያረሷት ማን ናቸው?» አልኳቸው። «እኔ ነኛ!» «ከመንገድ የመጣ ሰው ዘው ብሎ አራሷ ጋ ይገባ ነበር?» «ምን ሲባል! እኔ እያለሁ?» «እንግዲያው ይቺም አራስ ናት። ዛሬ በ11ኛ ቀኗ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። «እንዲህ ብትይኝ ኖሮ መች እጣላሽ ነበር» ብለው ወንበር ስበው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። እህቴ ከውስጥ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ የመቂን ወሬ ጠየቀቻቸው። ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ። ስለ በሽታ አንድ ቃል አልተነሣም።

አምስት ሰዓት ላይ የሰፈር ሰዎች ሦስት ሆነው መጡ። እኔ ጆጉን ላነሣ ብድግ ስል አክስቴ ቀድመውኝ በሩ ላይ ደርሰዋል። «ወዴት ወዴት? አራስ ቤት እኮ ነው!»