ምረቃ የወላጅ ነው



በሐዋሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የፈጸሙ ልጆች የሚመረቁበት ወቅት በደረሰ ቁጥር ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ጋዋን የለበሱ ልጆችና አበባ የያዙ ወላጆች ይታያሉ። በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል የሚያለቅሱ እናቶችና ፊታቸውን ዞር የሚያደርጉ አባቶች አይጠፉም። ከመካከላችን ይህን ዕንባ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረው የሚስቁ አሉ። እኛ ግን ዕንባው አስተዋይነት ያለበት መሆኑን፤ ከተማሪውም አንድ ነገር የሚጠይቅ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

የወላጅ ደስታ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአሞራ ገደል ዓሣ እየሸጠ፤ ባጃጅ እየነዳ፤ ወይም ገበያ ጉልት ተቀምጦ ለ12 ዓመት ደብተርና የደንብ ልብስ የገዛ ሰው የልፋቱን ፍሬ በዐይኑ ያያል። እርሱ ያላገኘውን ዕድል ልጁ አግኝቶለታልና እልል ቢል አይፈረድበትም።

ኀዘኑ ግን ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው መለየት ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ስለ ተደረገ፤ ልጅ አንሶላውን ሸክፎ ከቤት የሚወጣው ገና ለፈተናው ነው። ቢያልፍም ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነውና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጥር ሥር ያደገ ልጅ ጎንደር ወይም ሰመራ ሊደርሰው ይችላል። መንገድ ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ይህ ለእናት ቀላል ነገር አይደለም። ነገሩም አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መውጣት ሲጀምሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ፤ የዚያ ዘመን ወላጆችም ልጆቻቸውን ሸኝተው በር በር ሲያዩ ከርመዋል።

ሁለተኛው ምንጭ ሥጋት ነው። ምረቃው የሚደረገው በሰኔ አካባቢ ሲሆን ውጤቱ የሚሰማው በመስከረም አካባቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለፈተና ከተቀመጡት 585,882 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929፤ ማለትም 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከዚህም ያነሰ 3.3 በመቶ ነበር ያለፉት። እንግዲህ በአገሪቱ ከተፈተኑት 100 ልጆች መካከል ከ90 የሚበልጡት ከጥቂት ወራት በኋላ መጥፎ ወሬ ይጠብቃቸዋል ማለት ነው። ወላጅ ይህን ቁጥር ባያነብም የጎረቤቱን ቤት አይቷል።

አንዳንዶች «እንዲህ ከሆነ ውጤት ሳይታወቅ መመረቅ ይቅር» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በቋንቋችን «ምረቃ» የሚለው ቃል አስቀድሞ ቡራኬ ማለት ነው፤ «ተመረቀ» ስንልም መራቂ አለ ማለታችን ነው። ሽማግሌ ልጅን የሚመርቀው ውጤቱን አይቶ ሳይሆን ወደ መንገድ ሲወጣ ነው። ስለዚህ የዚያን ዕለት ባለቤት ወላጅ ነው፤ 12 ዓመት የደከመበትንም ሥራ ማክበር ይገባዋል። ጥፋቱ ምረቃውን ዕዳ ማድረግ ነው። ዕቁብ ወጥቶ፤ ብድር ተጨምሮ፤ ለጋዋን፤ ለፎቶግራፍና ለድግስ ከፈሰሰ በኋላ ልጁ ወጪውን በውጤት እንዲከፍል ይጠበቅበታል። ውጤቱ ያነሰ እንደ ሆነ ከቤቱ ይሸሻል። ከደቡብ አገራችን በሞያሌ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደዱትን ወጣቶች ስናስብ የዚህ ሽሽት መጨረሻ ወዴት እንደሚያደርስ ይገባናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። በመጀመሪያ፤ የተመራቂዎች ኮሚቴዎች መዋጮውን ይቀንሱ፤ መክፈል ያልቻለ ልጅም ከሰልፉ አይለይ። ሁለተኛ፤ በሰኔ የመረቀ አፍ በመስከረም አይርገም፤ የውጤቱ ዕለት ገበታ እንደ ምረቃው ዕለት ገበታ ይሁን። ያነሰው ልጅ ሪሜዲያል ቢደርሰው፤ እንደገና ቢፈተን ወይም የእጅ ሙያ ቢማር መንገድ አለውና። ሦስተኛ፤ ፈተናውን አልፈን ዩኒቨርሲቲ የገባን ተማሪዎች ተፈታኞች ወደ ግቢያችን ሲመጡ እንደ ታናሽ ወንድምና እህት እንቀበላቸው፤ ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስም በየሰፈራችን ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስተምራቸው። ማኅበራችን ስም መመዝገብ ቢጀምር ሠራተኛ አይጠፋም።

የወላጆቻችንን ዕንባ የምናብሰው በመሐረብ አይደለም፤ ታናናሾቻችንን ደግፈን በማሳለፍ ነው። ሥራውም ከዚህ ክረምት ይጀመር።