ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ፈሊጥ

ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ሲማሩ መዝገበ ቃላት ይዘው ቃሉን በቃል እየመነዘሩ ይተረጕማሉ። ሥራው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከፈሊጥ ላይ በደረሱ ጊዜ መዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱን ቃል በትክክል ነግሮ ጠቅላላውን ነገር ይሰውርባቸዋል። ቋንቋችንን አዲስ የሚማር እንግዳ፥ ታጋሽ መኰንን «ሆደ ሰፊ» ሲባል ሰምቶ ስለ ቦርጩ የተነገረ ቢመስለው አይፈረድበትም። እንግሊዞችም ፈርቶ ካሰበው ሥራ ወደ ኋላ ያለውን ሰው «እግሩ ቀዘቀዘ» ይሉታል እንጂ ስለ ብርድ መናገራቸው አይደለም።

በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለውን ስንሰማ ሰምና ወርቅ ነው ብለን ወርቁን ለመፈለግ እንነሣለን። ይህ ግን ያሳስታል። በቅኔ ሰሙም ወርቁም በአንድነት በሕይወት አሉ፤ ባለቅኔውም ሁለቱን አስቦ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ፈሊጥ ግን ሰሙ ቀልጦ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ተናጋሪው ራሱ አያስበውም። ስለዚህ ፈሊጡን እንደ አንድ ቃል ቈጥሮ መያዝ፥ ከዚያ በኋላም ከየትኛው የሰው ሥራ እንደ ወጣ መጠየቅ ይሻላል።

ብሪታንያ ደሴት ናትና ከመርከብ ሥራ የወጣው ብዙ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀውን «ገመዶቹን ያውቃል» ይሉታል፤ በሸራ በሚሄደው መርከብ የገመዱ ብዛት አዲሱን መርከበኛ ግራ ያጋባው ነበርና። የተሰወረ አሳቡ የተገለጠበትን ሰው ደግሞ «እውነተኛ ቀለሙን አሳየ» ይሉታል። ተማሪ ይህን ሲያነብ ስለ ፊት መልክ የተነገረ ይመስለዋል፤ በዚህ ስፍራ ቀለም የተባለው ግን ሰንደቅ ዓላማ ነው። በቀድሞ ዘመን የጦር መርከብ የሌላ መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ ሰቅሎ ወደ ጠላቱ ይቀርብና መድፍ ከመተኰሱ በፊት የራሱን ይሰቅል ነበር። ይህን የባሕር ልማድ ያወቀ ልጅ ፈሊጡን ዳግመኛ አይረሳውም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣው ለእኛ ሰው ቀላል ነው። «የግድግዳው ጽሕፈት» ሲባል የብልጣሶርን ግብዣ የማያስታውስ የለም፤ ሊመጣ ያለውን ጥፋት አስቀድሞ የሚያሳይ ምልክት ማለት ነው። የሌላውን በደል የሚሸከመውንም «ስኬፕጎት» ይሉታል። ይህም ዊልያም ቲንደል፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1530 ዓ.ም. ባሳተመው የኦሪት ትርጕም፥ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ወደ ምድረ በዳ ለሚሰደደው ፍየል ያወጣለት ስም ነው።

በፍርድ ቤት ቀለም ስንነክር ለኖርን ለእኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚነካን «ሬድ ቴፕ» ማለት ቀይ ጥብጣብ የሚባለው ነው። በእንግሊዝ አገር የመንግሥትና የፍርድ ወረቀት በቀይ ጥብጣብ ይታሰር ነበር፤ ዛሬም የችሎት ጠበቆቻቸው መዝገብ የሚያስሩበት ጥብጣብ ቀይነቱ የፈዘዘ ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት ቶማስ ካርላይልና ቻርልስ ዲክንስ የጽሕፈት ቤቱን መጓተት በዚህ ስም ነቀፉት። ከዚያ ወዲህ ጉዳይ በወረቀት ብዛት ታስሮ ባለጉዳይ ሲመላለስ ቀይ ጥብጣብ ነው ይባላል። ጥብጣቡ በሌለበት አገርም ነገሩ አይታጣም። በዚያው አገር ችሎት፥ ጠበቃ «ከታላቅ አክብሮት ጋራ» ብሎ የጀመረ እንደ ሆነ፥ ዳኛው ተሳስተዋል ሊል ነውና አስተርጓሚ ይጠንቀቅ።

ፈሊጥ ታላላቅ ሹማምንትንም አከራክሯል። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት መጽሐፍ እንደሚተርኩት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1941 መጨረሻና በ1942 መጀመሪያ በዋሽንግተን በተደረገው ጉባኤ፥ የእንግሊዝ የጦር አለቆች አስቸኳይ ጽሑፍ አዘጋጅተው «ቴብል እናድርገው» አሉ፤ ይኸውም ጠረጴዛ ላይ እናኑረው ማለት ነው። በእንግሊዞች ዘንድ ትርጓሜው አሁኑኑ እንነጋገርበት ነው፤ በአሜሪካኖች ዘንድ ግን ወደ ጎን ተትቶ ይቈይ ነው። የሁለቱም ወገን ፈቃድ አንድ ሆኖ ሳለ፥ ይህ እስኪታወቅ ድረስ ረጅም ክርክር ሆነ። እንግዲህ የመንግሥት ደብዳቤ የሚተረጕም ሰው፥ ጸሐፊው ከየትኛው አገር እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመልከት።

ለወላጆች የምንጨምረው አንድ ነገር አለ። «ባልዲውን በእግሩ መታ» የሚለው ሞተ ማለት ነው፤ ነገር ግን የጨዋታና የቀልድ ቃል ነው። ልጅ ከመጽሐፍ አግኝቶት በማጽናኛ ደብዳቤ ላይ ቢያሰፍረው ታላቅ ነውር ይሆናል። በዚያ ስፍራ እንግሊዞች የሚጽፉት «ፓስድ አዌይ» ነው፤ እኛ ዐረፈ እንደምንለው ያለ ነው።