ላም አለኝ በሰማይ

‹‹ለኮንፈረንስ ጉዞሽ ድጋፍ ተፈቅዶልሻል›› የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ቤተሰብ እልል ይላል። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ላነበበ ግን እልልታው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ከታች ‹‹ገንዘቡ የሚከፈለው ከጉዞ መልስ፣ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው›› ይላላ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ጉዳዩ የሽርሽር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። አይሮድስ የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። ሥራው የመዝገብ ቤት ሹም ሥራ ነው። ሳይንቲስቶች የሰበሰቡት መረጃ የት እንደተቀመጠ ይመዘግባል፤ ማን እንዲያየው፣ ስንት ቅጂ እንዲኖረው፣ መቼ እንዲወገድ በተጻፈለት ደንብ መሠረት ያስፈጽማል። ሥሩ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ነው፤ ኋላ ግን ማዕከሉ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሄደ። ተጠቃሚዎቹ ዓመታዊ ስብሰባ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩትሬክት፣ በ2022 ሌቨን፣ በ2024 ደግሞ አምስተርዳም ተገናኝተዋል።

‹‹ታዲያ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?›› የሚል አይጠፋም። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ አጠገብ ያለው የሳንገር ተቋም የዘረ መል መረጃውን በዚሁ በአይሮድስ እንደሚያስተዳድር ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ጽፈዋል። የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች ዋና ተሳታፊ የሆኑበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ‹‹ኔቸር›› መጽሔት ላይ የወጣው የአፍሪካውያን የዘረ መል ጥናት ውስጥ ከዙሉና ከባጋንዳ ሰዎች ጋር የኢትዮጵያውያንም ናሙና አለበት። እንግዲህ የወገን ደም ፊደል ሆኖ በባዕድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ መደርደሪያ ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ ሲወራ አንድ ሐበሻ ልጅ እዚያ ተቀምጦ ቢሰማ፣ ቢጠይቅ፣ ሙያውን ቢቀስም ምን ይከፋል?

ልጆቹ እንደሆኑ አሉን። የጎደለው ገንዘብ እንኳን ብቻ አይደለም፤ የጎደለው የገንዘቡ ጊዜ ነው። ለአንድ ተማሪ 1,500 ዶላር ተፈቀደለት እንበል። ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ የመመዝገቢያውን ክፍያ አስቀድሞ ከራሱ ኪስ ያወጣል። አባቱ ሐኪም የሆነ የፈረንጅ ልጅ በቤተሰቡ ካርድ ከፍሎ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ከሁለት ወር በኋላ ቢመጣም ግድ የለውም። ትናንት የመጣው የእኛ ልጅ ግን ካርድ ቢሰጡትም ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፤ በዚያ ላይ የቤት ኪራይ አለበት፣ አገር ቤትም የሚጠብቀው አለ። ስለዚህ ድሃን ለመርዳት የተባለው ድጋፍ የሚጠቅመው ከሞላ ጎደል ድሃ ያልሆነውን ነው።

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ‹‹ጋሼ፣ ድጋፉን አገኘሁ፤ መሄጃውን አጣሁ›› አለችኝ። ፖስተሯን ጨርሳ ነበር። በመጨረሻ ገና ያልተቀበለችውን ገንዘብ በደብዳቤ መለሰች። የዩኒቨርሲቲዋን ስም አልጠራም፤ ደንቡ የእሱ ብቻ አይደለምና።

ስብሰባው ባሕር ማዶ ሲሆን የስደተኛ ወረቀት ይጨመርበታል። አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይይዝ ከአገር ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ለአምስተርዳም ሦስት ቀን ብሎ ስንት ዓመት የጠበቀበትን ጉዳይ ማጣት አለ! ጥገኝነት ያገኘውም ቢሆን የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን ማውጣትና ቪዛ ይጠየቅ እንደሆነ ማጣራት አለበት። ትኬት ከመቁረጥ በፊት ጠበቃ ይጠየቅ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ለቀብር በአንድ ሌሊት ገንዘብ የምንሰበስብ ሰዎች ነን። እቁቡ አለ፣ እድሩ አለ፣ የየከተማው ማኅበር አለ። ከእነዚህ አንዱ ለተማሪ ጉዞ የምትዞር አነስተኛ ገንዘብ ለብቻ ያስቀምጥ። ምጽዋት አይደለም፣ ብድር ነው። ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤውን ያሳያል፣ አንድ ዋስ ይጠራል፣ ትኬቱ ይቆረጥለታል፤ ዩኒቨርሲቲው ሲከፍለው ይመልሳል፤ ያው ገንዘብ ለቀጣዩ ይደርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

እናንተ ተማሪዎችም አትፈሩ። ከጉዞ በፊት ክፍላችሁ ሄዳችሁ ‹‹ትኬቱን እናንተ በቀጥታ መግዛት ትችላላችሁ? ቅድሚያ ክፍያስ አለ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጠየቅ የማይነገር ብዙ ነገር አለ። ከሄዳችሁም የአውሮፕላን መሳፈሪያዋን ቁራጭ ወረቀት እንኳ አትጣሉ፤ ያለ እሷ ሰማይ ላይ ያለችው ላም አትወርድም።

የማኅበር ሊቀመናብርት፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ ያዙልኝ። ከምሳው በፊት ይሁን እንጂ።